ባዶ ድምፅ ሲሰጥ ወርቅ አለ

ሰፈሩ «ሬዲዮ» ያላት ገና በስድስት ዓመቷ ነው። ያየችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታወራ ነበር፤ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ የማን ድመት የማንን ወተት እንደደፋ። አባቷ አፍንጫዋን ይዞ ጠምዘዝ እያደረገ «የዚች ልጅ ማጥፊያዋ የት ነው?» ይል ነበር። ማጥፊያ የላትም። አድጋም ያው ናት። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ድምፅ ተሰጥቷታል። ወፍራም አይባል፣ ቀጭን አይባል፤ የሚታመን ድምፅ ነው። እሷ «ዝናብ ሊመጣ ነው» ካለች ሰዉ ቀና ብሎ ሰማይ ሳያይ ልብሱን ከገመድ ያወርዳል።

በዚሁ ድምፅ ዘጠኝ ዓመት በአውቶቡስ መናኸሪያ ሠራች። ቁም ሣጥን የምታክል የመስታወት ክፍል፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ የማይሽከረከር ማራገቢያ። «አሥራ ሁለት ቁጥር ሊነሳ ነው። ጥቁር ቦርሳ የጠፋበት ሰው ምልክቱን ተናግሮ ይውሰድ። ቀይ ሹራብ የለበሰች ሕፃን እዚህ ናት፣ እናቷ ትምጣ።» በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ወዳልሆነ አውቶቡስ አልላከችም። ሌላው ሰው በልጁ ወይም በቤቱ ይኮራል፤ እሷ በዚህ ነበር የምትኮራው።

አንድ ቀን አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰውዬ መስታወቷን አንኳኳ። የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ ነኝ አለ። ከውጭ የመጣ ተከታታይ ፊልም አለን፣ በላዩ ላይ የሚያነብልን ሰው አጥተናል፣ ያንቺ ድምፅ ከሆነ ሬሳም ቀና ብሎ ይሰማል አለ። ጉረኛ ነው። ግን ያለውን አደረገ፤ ለአሥራ ሁለት ክፍል አስፈረማት። ሥራዋ ከተወደደ ቋሚ ትሆናለች። እናቷ እልል አለች። አባቷ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ከመደርደሪያው አውርዶ ከወንበሩ ፊት ለፊት፣ በውሃ ልክ አስተካክሎ አስቀመጠው።

ፊልሙ «ሰባቱ ሣጥኖች» ይባላል። በድሮ ጊዜ አንድ የንጉሥ ግምጃ ቤት ጠባቂ ጦር ሲመጣበት ሰባት ሣጥን ወርቅ ይዞ ይሸሻል። ወርቁን በአንድ ቤት ወለል ሥር ይቀብርና ጉድጓዱን የቆፈሩትንም እዚያው ያስቀራቸዋል። ቤቱ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ አፈ ታሪክ ነው። ሁለት ወንድማማቾች መሣሪያ ተሸክመው ከአገር አገር እየዞሩ ይፈልጉታል። አብሯቸው አንድ ባለ በትር ሽማግሌ አለ፤ የገባበትን ቤት ወለል ሁሉ በበትሩ እየመታ «ወርቅ!» ብሎ የሚጮህ፣ አንድ ቀን እንኳ ልክ ሆኖ የማያውቅ ቀጣፊ። የፊልሙ ማሳቂያ እሱ ነው።

ንባቡ የሚቀረጸው ፊልሙ ከመተላለፉ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ፣ ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ ክፍል ውስጥ ነው። የሚተላለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በስምንት ሰዓት። ተርጓሚው ጽሑፉን በእጁ ጽፎ ያመጣል። ጎበዝ ሰው ነው፣ ቋንቋ ያውቃል፤ ትምህርተ ጥቅስ የሚባል ነገር ግን ጠላቱ ነው። «ያልገባውን ሰው ጥቅስ አይረዳውም» ይላል። እንግዲህ ጉዱን ያመጣው ይኸው ነው።

በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ሽማግሌው አንድ አሮጌ ቤት ገብቶ ወለሉን ይመታል። ካሜራው በትሩን እንጂ አፉን አያሳይም። ጽሑፉ እንዲህ ይል ነበር፦ ባዶ ድምፅ ሲሰጥ ወርቅ አለ። ተርጓሚው ማለቱ፣ ሽማግሌው እንደ ልማዱ «ወርቅ!» ብሎ ጮኸ ነው። እሷ ግን ያቺን «አለ» አጠበቀቻት። ላልታ መነበብ የነበረባትን ቃል አጥብቃ፣ በዚያ በሚታመነው ድምፅ፣ ዝግ ብላ፣ ሐኪም መድኃኒት ሲያዝዝ እንደሚናገረው አድርጋ አነበበቻት። የቀጣፊው ጩኸት ቀረና ሕግ ሆኖ ወጣ፦ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ወለል ካለህ፣ ወርቅ አለህ።

ክፍሉ እዚያ ላይ አለቀ። በማግሥቱ ከተማው ሁሉ እሷኑ ያወራ ጀመር። ልጆች እርስ በርስ ጭንቅላታቸውን እያንኳኩ «ባዶ ድምፅ ሲሰጥ ወርቅ አለ!» ይባባላሉ። የታክሲ ረዳቱ የተሳፋሪውን ሻንጣ መታ መታ አድርጎ ያንኑ ይላል። ጣቢያውም ዐረፍተ ነገሯን ቆርጦ ማስታወቂያ አደረጋት፤ በቀን አሥር ጊዜ ትለቀቃለች።

ሰኞ ጠዋት ተርጓሚው ፊቱ አመድ መስሎ መጣ።

«እህቴ፣ አጠበቅሽው እኮ!»

«ምኑን?»

«አለን! ሽማግሌው አለ ነው እንጂ፣ ወርቅ አለ አይደለም!»

ክው አለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ወዳልሆነ አውቶቡስ ያልላከች ሴት! ሁለቱም እየተጋፉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገቡ። እሱ ሰምቶ ሲጨርስ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን በሩን ዘጋ።

«ስሙ፣ ፊልሙን ያስወደደችው ያቺ ዐረፍተ ነገር ናት። አትነኳትም።»

«ጌታዬ፣ ሰው እኮ ወለሉን ሊሰብር ይችላል» አለች።

«ማን ሞኝ ነው ወለሉን የሚሰብር? ደግሞ ተሳስቻለሁ ብለሽ ብታወሪ የስህተቱ ባለቤት አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም። ውልሽን አንብቢው።»

ውሏን ማንበብ አላስፈለጋትም። ወደ መስታወቱ ክፍል፣ ወደዚያ ወደማይሽከረከር ማራገቢያ መመለስ ታያት። ዝም አለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሷ ደግሞ ጭራሽ ለማሸትም አልሞከረችም።

በማግሥቱ፣ ማክሰኞ፣ እናቷ ደወለች።

«አባትሽ ማንኳኳት ጀምሯል።»

«ምን ማንኳኳት?»

«ቤቱን! በመዶሻ እጀታ። ከሳሎን ጀመረ፣ መኝታ ቤት ገባ፣ አሁን ማጀቴ ውስጥ በእንብርክኩ ይሄዳል። አንቺ ነሽ አሉ ያልሽው።»

አባቷ አርባ ዓመት ግንበኛ ነበር። ሰዉ «ጋሽ ቱንቢ» ይለዋል፤ ቱንቢ ማለት ግንበኞች ግድግዳ መቅናቱን የሚያዩበት፣ ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ሲባጎ ነው። ጎባጣ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰው ቤት ሄዶ ሰላም ከማለቱ በፊት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳውን ይለካል። ከሦስት ዓመት በፊት ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ ድኖ መራመድ ቢችልም ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ከወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል።

እሷን የገረማት ሌላ ነው። ልጅ ሆና ሥራ ቦታ ሲወስዳት ባዶ የሚጮህ ወለል ምን ማለት እንደሆነ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። «ሊሾው ሥር ያለው አፈር በደንብ ካልተጠቀጠቀ ይወርዳል፤ ክፍተት ይፈጠራል፤ ሲመታ ይጮሃል። የሰነፍ ሥራ ምልክት ነው» ብሏት ነበር። ይህን እያወቀ ምን ሆኖ ነው? ቅዳሜ አራተኛው ክፍል ተላለፈ፤ እሑድ ልታየው ሄደች።

የማጀቱ ጥግ ተሰብሯል። የሲሚንቶው ስብርባሪ በሥርዓት ተከምሯል፤ እሱ ሲያፈርስም በመስመር ነው። ጉድጓዱ ገና ከጉልበት በታች ነበር። አባቷ ከውስጡ ቆሞ ሲያያት ፊቱ በራ። ሦስት ዓመት ያላየችው ፊት ነው።

«ነይ፣ ነይ ስሚው!» ዲጅኖውን አንስቶ ወደ ታች ሰደደው። ዱም አለ። «ሰማሽ? ባዶ ነው!»

«አባዬ፣ አንተው አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ? አፈሩ ሲወርድ…»

«እሱን ተይው። ግንበኛ የሚያውቀው ከመሠረት በላይ ያለውን ነው። አንቺ ያነበብሽው የተጠና ነገር ነው። ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ እስቅበት ነበር።» ላቡን ጠረገ። «አንቺ ግን ዋሽተሽኝ አታውቂም።»

አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተሳስቼ ነው አባዬ፣ በቃ ይህችው ናት። ከዚያ ግን ነገሩ በእናቷ በኩል ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ከተማው፣ ከከተማው ወደ ሥራ አስኪያጁ ሲደርስ ታያት። ለነገሩ ጉድጓዱ ከጉልበት አያልፍም። ዳሌው ያመዋል፣ ራሱ ይተወዋል። «በርታ በል» ብላ ወጣች። በርታ! እስቲ አሁን ይህ ምን የሚሉት ንግግር ነው? እሷም መንገድ ላይ ራሷን ስትሰድብ ነበር።

ዳሌው አላስቆመውም። በአምስተኛው ክፍል ጉድጓዱ ከወገብ አለፈ፤ በስድስተኛው አባቷ ጭንቅላቱ ብቻ የሚታይ ሆነ። እናቷ በየቀኑ እየደወለች ስትራገም ቆይታ ድንገት መደወል ተወች። እሑድ ስትሄድ እናቷ የቀሚሷን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ባልዲ ሙሉ አፈር ይዛ ከማጀት ስትወጣ አገኘቻት።

«እማዬ! አንቺም?»

«ባልዲ ብቻ ነው የማወጣው» አለች እናቷ ዓይኗን ሰብራ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ አንድ ገል አግኝቷል። የድሮ ነው። እጀታ አለው።»

የተሰበረ የማሰሮ እጀታ ነበር። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ሙሽሮች እየተሳሳቁ ወደ ታች ይወርዳሉ።

ያን ቀን ነው ስንጥቁን ያየችው። ማጀቱንና መኝታ ቤቱን በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ፣ ፀጉር የምታህል መስመር። ቤቱ አሮጌ ነው፤ ከሌላ ሰው ተገዝቶ እንጂ አባቷ የሠራው አይደለም። ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ አየች። አባቷ ወደ ታች ብቻ መቆፈር ትቶ ባዶውን ድምፅ እየተከተለ ወደ ጎን፣ ወደዚያው ግድግዳ ሥር ገብቷል። አፈሩን የሚደግፍ ሳንቃ በሁለት ጎን አቁሟል፤ በሦስተኛው ጎን ያቆመው የአልጋቸውን ርብራብ ነው። በአራተኛው ጎን ምንም የለም።

«አባዬ፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል።»

«የልስን ስንጥቅ ነው» አለ ከታች፣ ቀና ሳይል። ስንጥቅ ሳያይ ስንጥቅ የሚዳኝ ግንበኛ! ያ ሰው አባቷ አልመስላት አለ።

እሱ ድሮ ያስተማራትን አደረገች። ከቦርሳዋ ካለው የንባብ ወረቀት ጠባብ ቁራጭ ቀደደችና በስንጥቁ ላይ አግድም ለጠፈችው። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ወረቀቱ ይናገራል። በሳምንቱ ተመልሳ ስታይ ወረቀቱ መሐል ለመሐል ተቀድዶ፣ በሁለቱ ቁራጮች መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። የማጀቱ በርም አልዘጋ ብሏል፤ እናቷ ድንጋይ አስደግፋዋለች።

«እማዬ፣ ይኼን እይው።»

«ወረቀት ይቀደዳል፣ ምን ይደንቃል?»

እንግዲህ ያኔም ልትናገር ትችል ነበር። አልተናገረችም፤ ምክንያቱም አንድ ተስፋ ነበራት። ስምንተኛውን ክፍል አንብባ ጨርሳለች። በስምንተኛው ክፍል ታናሹ ወንድም ያልተደገፈ ጉድጓድ ውስጥ ይገባና አፈር ይደረመስበታል። «አፈሩ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። እጁ ብቻ ከላይ ቀረ። ከዚያ እጁም አልታየም።» እሷ ናት ያነበበችው። ድምፅዋ እየተሰበረ ሦስት ጊዜ አስደግመዋታል፤ የሚታያት የፊልሙ ሰው ሳይሆን የአባቷ እጅ፣ ጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ የቀረበት እጅ ነበር። አባዬ ይህን በራሴ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል፣ ይወጣል፤ እኔም ምንም ሳልናገር ነገሩ ያልፋል አለች። ለአባቷ ፈራች፣ ለእንጀራዋም ፈራች፣ ለሁለቱም የሚሆን መላ ያገኘች መሰላት።

ቅዳሜ ደረሰ። እሷ ቤቷ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ፣ ስልኩን ጨብጣ ታያለች። እናቷ ቀደም ብላ «እያየን ነው፣ አባትሽም ወጥቶ ቁጭ ብሏል» ብላታለች። ወንድማማቾቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሱ። ታናሹ ገመዱን ያዘ። አሁን ነው ብላ ትንፋሿን ዋጠች።

ስክሪኑ ብልጭ አለ። ታላቁ ወንድም ብቻውን ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቤት በር ላይ ነው፤ ታናሹ አብሮት የለም፣ የት እንደሄደም የሚናገር የለም። ቆርጠውታል። በክፍተቱም ያቺኑ ማስታወቂያ ለቀቁባት፤ የራሷ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፣ እየታመነ።

ወዲያው ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወለች።

«አዎ ቆረጥነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች ያያሉ። አስደንጋጭ ነገር ማን ይወዳል?»

መልስ ሳትሰጠው ዘግታ እናቷ ጋ ደወለች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። ጫማዋን የተለያየ አድርጋ ወጣች፤ ታክሲ ውስጥ ሆና «ፍጠን፣ ፍጠን» ስትል ሾፌሩ ከማስታወቂያው ድምፅዋን አውቆ «እህ፣ ወርቁ የት ነው?» ብሎ ሳቀባት። አለቀሰች። ሰውዬው ደንግጦ ነዳው።

ስትደርስ ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው፤ ከፊቱ ሰው የለም። እናቷ ማጀት በር ላይ ባዶ ባልዲ ይዛ ቆማለች።

«ወረደ እንዴ?»

«ፊልሙ እንዳለቀ። ዛሬ ይወጣል፣ ተቃርቧል አለ…»

ገብታ ከጉድጓዱ አፍ ተንበረከከች። ሁለት ሰው ቢደራረብ የማይሞላው ጥልቀት ነው። ከታች የባትሪ መብራት ይወዛወዛል። የግድግዳው መሠረት፣ የድንጋይ ግንቡ፣ ሥሩ ተበልቶ እንደ ድልድይ አየር ላይ ቀርቷል፤ መሰላሉም የተደገፈው በዚያው በኩል ነው። ከድንጋዮቹ መሐል ቀጭን አፈር ሳይቋረጥ ይፈሳል፣ ሽሽሽ እያለ።

«አባዬ! ውጣ! ተሳስቼ ነው ያነበብኩት! ሽማግሌው ነው ወርቅ ያለው፣ ወርቅ የለም! ቃሉን አጥብቄው ነው!»

ዲጅኖው ቆመ። አባቷ ሳቀ።

«እንድወጣልሽ ብለሽ ነው።»

«እውነቴን ነው አባዬ፣ በሞትኩት!»

«ልጄ፣ እኔ ያንቺን ድምፅ አጣዋለሁ? እውነት ስትናገሪ አይንቀጠቀጥም። አሁን ይንቀጠቀጣል።» ዲጅኖው እንደገና ወረደ፣ ዱም። አፈሩ ፍጥነቱን ጨመረ።

ምን ትበል? ስህተቱን ስታነብ ድምፅዋ እንደ ዓለት ጸንቶ ነበር፤ እውነቱን ስትናገር ከፍርሃት የተነሳ የውሸታም ድምፅ ሆነባት። እናቷ ከኋላዋ «እንግዲህ ስማት እንጂ!» ብላ ጮኸች። አልሰማም። ያኔ ነው ሬዲዮ፣ ማጥፊያ የሌላት ሴት፣ ዝም ያለችው። ዞረች፣ እግሯን ከመሰላሉ አኖረች፣ መውረድ ጀመረች።

«ምን ታደርጊያለሽ? አንቺ! ተመለሺ!»

አልመለሰችም። መሰላሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ከመሠረቱ ወልቆ ትከሻዋን ጨረፋት። ወረደች። ከአባቷ ጎን ቆመች። ከታች ያለው አየር ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ለመተንፈስ ያንሳል። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ ጥርሷ ሲጋጭ ይሰማታል።

«አንተ ካልወጣህ እኔም አልወጣም» አለችው።

አባቷ ሊቆጣት ባትሪውን ወደ ፊቷ አነሳ። ብርሃኑ አልፏት ከጭንቅላቷ በላይ ወጣ። ከአንድ ወር በላይ ወደ ታች ብቻ ሲያይ የኖረ ሰው ያን ጊዜ ወደ ላይ አየ፤ በልጁ ጭንቅላት ላይ የተንጠለጠለውን ድንጋይ አየ። ፊቱ ተለወጠ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ለካ።

«እንዳትነቃነቂ» አለ። ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። «ግድግዳው መጥቷል፣ ሊወርድብን ነው። ምንም አትንኪ። መሰላሉን አትንኪ።»

«አባዬ…»

«ዝም። ትከሻዬ ላይ ውጪ። በዚህኛው ጎን፣ በሳንቃው በኩል።»

ጎንበስ አለላት። የተሰበረው ዳሌው ሲንቋቋ ሰማችው። እሷን ተሸክሞ ሲነሳ እንደ ሕፃን አቃሰተ፤ እናቷ ከላይ በሆዷ ተኝታ ክንዷን ያዘቻት፤ ጥፍሯ ሥጋዋ ውስጥ እስኪገባ ጎትታ አወጣቻት። ሬዲዮ ዞር ብላ እጇን ወደ አባቷ ዘረጋች።

«ሁለታችሁም ከማጀቱ ውጡ» አለ አባቷ። «እዚያ ላይ ስትቆሙ ክብደት ናችሁ።»

«አንተስ?»

«ውጡ አልኩ!»

ግቢ ወጥተው ቆሙ። እናቷ እጇን ጨምቃ ይዛታለች። ከውስጥ አባቷ በሳንቃው በኩል እየቧጠጠ ሲወጣ እንጨቱ ሲፋቅ ይሰማል። ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ ምንም አይሰማም። እናቷ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ የማይሰማ ነገር ትናገራለች። ሬዲዮ ስሙን ልትጠራ ትፈልጋለች፤ ድምፅዋ ራሱ ግድግዳውን የሚነካው መስሏት አፏን በእጇ ያዘች። ጎረቤት ቤት ሰው ይስቃል። ድንጋይ ወደቀ። ሌላ ወደቀ። ያለቀለት መስሏት ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጥ አባቷ በማጀቱ በር በአራት እግሩ እየዳኸ ይወጣል። ከራስ ፀጉሩ እስከ ቅንድቡ አፈር ነው። ሁለቱም ሮጠው ጎተቱት። ወደ ግቢው መሐል ሳይደርሱ ከኋላቸው ግድግዳው ወረደ። እንደጠበቀችው አልጮኸም፤ ወገቡን የታመመ ሰው እንደሚቀመጠው ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ጣሪያውን ከላይ ይዞ። ከዚያ አቧራው መጥቶ ሁሉንም ሸፈናቸው። ጉድጓዱ ሞላ።

ለብዙ ጊዜ ሦስቱም መሬት ላይ ተቀምጠው ከመሳል በቀር ምንም አላደረጉም። እናቷ ባሏን እየዳበሰች ታለቅሳለች። ሬዲዮም ታለቅሳለች፤ ግን ከዕንባው ሥር ደስታ ነበር፤ አለ፣ አባቴ አለ፣ አልሞተም እያለች።

አባቷ አፉን በክንዱ ጠረገ።

«እውነት ተሳስተሽ ነው?» አላት።

«አዎ አባዬ።»

«ወርቅ ብሎ የጮኸው ያ ቀጣፊ ነው?»

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። «ሰው ይሳሳታል» አለ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ድምፅዋ አሁን አይንቀጠቀጥም። ግን እሱ ዓይኗን እያየ ነው።

«ሦስተኛው ክፍል በታየ በሁለተኛው ቀን። ሰኞ።»

አባቷ የፈረሰውን ማጀት አየ። እያሰበ፣ ወደ ኋላ እየቆጠረ እንደሆነ ከፊቱ ታየ።

«ሰኞ» አለ በመጨረሻ። «ሰኞ ሊሾውን እንኳ አልሰበርኩትም ነበር።»

መልስ ሳይጠብቅ ሊነሳ ሞከረ፤ ዳሌው አልታዘዝ አለው። እሷ ፈጥና ተነስታ እጇን ዘረጋችለት። አባቷ እጇን አየው፤ ከዚያ እሷን አልፎ የራሱን እጅ ወደ እናቷ ዘረጋ።